የአያቴ ዳሊያ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንዲት አበባ ሻጭ የዳሊያ አገዳ ስትቆርጥ ሽታው መጣብኝ። ዳሊያ እንደ ጽጌረዳ መዓዛ የለውም። የሚሸተው ሲቆረጥ ከአገዳው የሚወጣው ውሃ ነው፤ መረር ያለ፣ የጥሬ ካሮት ቅጠል የመሰለ ሽታ። ባጃጅ እየጠበቅሁ ነበር። መጣ፣ ጥሩንባውን ነፋ፣ ጥሎኝ ሄደ።

እናቴ የደጋ ልጅ ናት። አባቴ ፋብሪካ ሲቀጠር ድሬዳዋ አመጣት፤ ሙቀቱን ለመደችው እንጂ አልወደደችውም። እናቷ፣ አያቴ፣ በመስከረም ስታርፍ ግቢዋ በቀይ ዳሊያ ተሞልቶ ነበር። እናቴ ከዚያ ቤት ሌላ ነገር አልፈለገችም። አገዳው ሲደርቅ ሥሩን ቆፍራ በማዳበሪያ ከረጢት ይዛው መጣች፣ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቀብራም ከአልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። ላላወቀው ሰው ስኳር ድንች ነው።

ጎረቤታችን ጨርቅ የምትነግድ ሶማሌ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ከአንዲት ልጇ ጋር ትኖራለች። ልጅቷ የልብ ጓደኛዬ ነበረች፤ ትምህርት የጨረስነው አብረን ነው። ሰኔ ላይ እናቴ ያን ሥር ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ አጠገብ ስትተክል ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ አየቻት። እናቴን «አባዮ»፣ እህቴ፣ ነበር የምትላት።

«አቦ አባዮ፣ ድንች ዘራሽ?»

«አበባ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ? እኛ ራሳችን እየተጠበስን!»

«የእናቴ ነው» አለች እናቴ ቀና ሳትል። «ሙት ዓመቷ ሲደርስ መቃብሯ ላይ ላኖርላት ነው።»

ጎረቤታችን ሳቋን ዋጠች።

በእርግጥም ብቅ ያለው ቅጠል ሳምንት ሳይቆይ ጫፍ ጫፉ ተቃጠለ። እናቴ ምሳ አልበላችም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ከሱቋ ስስ ነጭ ጨርቅ ይዛ መጣች፣ ከግድግዳው እስከ ኒሙ ወጥረን አሰርነው። ከሥሩ ያለው ብርሃን ለዘብ አለ፣ ወተት መሰለ። ከዚያ ወዲያ ማጠጣቱን ጓደኛዬ ያዘችው። ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው፤ እሷ ግን ከራሷ ጀሪካን ቀንሳ ለዳሊያው ታስቀምጣለች። ማታ ማታ ነፋሱ ሲነሳ፣ በሶማልኛ እያወራችው ስታጠጣ ይሰማኛል። ምን እንደምትለው ጠይቄያት አላውቅም።

አንድ ቀን እናቴ አናት አናቱን ስትቀጥፍ ጓደኛዬ ጮኸች። እናቴን እንደ አክስቷ «ኤዶ» ነበር የምትላት።

«ኤዶ፣ ለምን ትገድዪዋለሽ?»

«ካልተቀጠፈ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሮጠው። ሲቀጠፍ ነው የሚበዛው፣ ልጄ።»

በዚያው ክረምት ጓደኛዬ ታጨች። ልጁን ወድዳዋለች፤ ሥራው ግን ጅቡቲ ነው። ሠርጉ ከአያቴ ሙት ዓመት ሁለት ቀን ቀድሞ ዋለ።

ዳሊያው መስከረም ሲጠባ ፈነዳ። እንደ መዳፍ ሰፊ፣ መሃሉ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ። እናቴ ማንንም አታስነካም ነበር፤ እኔንም ጭምር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ጓደኛዬ በሂና በደመቀ እጇ ጀሪካን አንጠልጥላ መጣች። እንደ ወትሮው አጠጣች። ከዚያ ጀሪካኑን አስቀምጣ እዚያው ቆመች።

«ኤዶ፣ እናቴ ብቻዋን ልትቀር ነው» አለች።

እናቴ እቅፍ አድርጋ ያዘቻት። ከዚያ ቤት ገብታ ቢላዋ ይዛ ወጣች። የፈካውን ሁሉ ከሥር ከሥሩ እየቆረጠች በባልዲ ውሃ ውስጥ ትነክረው ጀመር። እምቡጡን አልነካችም፤ ዳሊያ በእምቡጡ ከተቆረጠ አይፈካም።

ጎረቤታችን በሩጫ መጣች። «ወላሂ አይሆንም! አባዮ፣ የእናትሽ ነው!»

«እናቴ ትጠብቀኛለች» አለች እናቴ፣ መቁረጧን ሳታቆም። «ልጅቷ ግን ዛሬ ሂያጅ ናት።»

ጓደኛዬ ያን ቀይ አበባ ታቅፋ መኪና ውስጥ ገባች። ከመስታወቱ ጀርባ ከአበባውና ከዓይኗ ሌላ አይታይም ነበር። አሁን የልጆች እናት ናት፤ ስንደዋወል ስለ ልጆቿ እናወራለን፣ ስለዚያ ጠዋት ግን አንስተን አናውቅም።

በሙት ዓመቱ ቀን ደጋ ስንወጣ ጎረቤታችን ሳትጠራ ተከተለችን። በሚኒባሱ ውስጥ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። እምቡጦቹ ገና ስለነበሩ አበባ አልያዝንም። እናቴ መቃብሩ አጠገብ ቁጭ ብላ አፈሩን በእጇ ደለደለች።

«እማዬ» አለች፣ ሰው እንዳለ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚያ ሙቀት ውስጥ አበበልኝ። ለሙሽራ ሰጠሁት።»

ጎረቤታችን ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ፊቷን ሸፈነች። እናቴ ዞር ብላ አየቻትና ተነሥታ ሄደች፤ ሻሿ ላይ እንዳለ እጇን ያዘቻት። እስክንመለስ ድረስ አልለቀቀቻትም።