አባቴ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የተገኘ ዕለት

ባለፈው እሑድ አበልጄ ምሳ ሊበላ ቤቴ መጣ። ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። ሽሮውን እያጠቀሰ፣ "የፋይዳ ቁጥርሽን ላኪልኝማ፤ ድርጅት ላቋቁም ነው። ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኛል፤ ስም ብቻ ነው" አለኝ። ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ትን ያለኝ መስሎት ውሃ አቀበለኝ።

"ስም ብቻ ነው" የምትለዋን ነገር ግን ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ።

ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ አንድ የንግድ ቢሮ ውስጥ ለልምምድ ገብቼ ነበር። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፤ በልጅነቱ ከጋሞ መጥቶ እዚያው ያረጀ። የዚያን ዓመት ክረምት በማሽን የታተመ ጥበብ ከውጭ እየገባ ገበያውን አጥለቀለቀው። ከሩቅ ሲያዩት የአባቴ እጅ የነካው ይመስላል፤ ሁለቴ ሲታጠብ ይገረጣል። ሰው ምን ቸገረው፣ ርካሽ ነው። የሸማኔዎቹ ሥራ ሱቅ ለሱቅ ተደርድሮ ቀረ፤ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ መወርወሪያቸውን ሰቅለው የቀን ሥራ ፍለጋ ወጡ።

አስመጪው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ሸማኔዎቹ የጠረጠሩት ጋሽ በቀለን ነበር፤ ክር የሚያቀርብላቸውንና ሸማቸውን የሚገዛቸውን ነጋዴ። እሱ ከሆነ አንድ ነጠላ እንዳይሸጡለት ተማማሉ። አባቴ ብቻውን ተከራከረ። ጋሽ በቀለ የወንድሜ የክርስትና አባት ነው። "አበልጄ ይህን አያደርግም። ልጄ ያለችበት ቢሮ እንሂድና ይጣራ" አለ።

ነሐሴ ማለቂያው ላይ፣ ዝናቡ ባባራበት አንድ ጠዋት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ አባቴና ከጎኑ የሚሠሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ ዶልባ። የሰው ስም ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲገባ ሰውየው የሚመራው ድርጅት ሁሉ ይወጣል። የጋሽ በቀለን ስም እስከ አያቱ ጻፍኩ። ምንም የለም።

"አላልኳችሁም?" አለ አባቴ። ፊቱ ሲበራ አሁንም ይታየኛል።

ጋሽ ዶልባ ሳቁ። "እስኪ የአባትሽንም ሞክሪው! ማን ያውቃል፣ ደብቆን ሀብታም ሆኖ ይሆናል።"

እኔም እየሳቅሁ ጻፍኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ወጣ። ጨርቃ ጨርቅ አስመጪ፤ ሥራ አስኪያጅ፣ ታደሰ ሻንካ። ሞክሼ ይሆናል ብዬ እንዳልጽናና ፎቶው አለ፤ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ያው ፎቶ፣ አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ኮት ለብሶ የተነሳው።

"ምን አገኘሽ?" አለ አባቴ።

ስክሪኑን አዞርኩላቸው። አባቴ አየው፣ ቀረብ ብሎ ደግሞ አየው።

"ኮቱ የአበልጄ ነው" አለ። "እሱ ነው ያለበሰኝ። ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኛል፣ ስም ብቻ ነው አለኝ። ምን እንደሚነግድበት አልጠየቅሁም። ልጄን ክርስትና ያነሳልኝን ሰው እንዴት ብዬ እጠይቀዋለሁ?"

ወደ ሽሮ ሜዳ በእግር ወጣን። መንገዱ ዳር በቆሎ ይጠበሳል፤ ሽታው ሌላ ጊዜ ልቤን የሚያጠፋው ነው። ጋሽ ዶልባ ሁለት ገዙ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፣ አንዱን ራሳቸው ያዙ። ለአባቴ አላቀመሱትም። በቆሎው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ሸማኔ እግሩን የሚያስገባው የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ቦታውን እንደ ወንበር አያነሳም። በማግስቱ ጋሽ ዶልባ በሌላው ጥግ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አገኘናቸው። አባቴ አልተሳደበም፣ አልለመነም፤ የአካፋውን ድምፅ እየሰማ ሠራ። እኔ ግን አለቀስኩ።

አባቴ ስሙን ከድርጅቱ እንዲያወጣለት ሲጠይቀው ጋሽ በቀለ "ታገሥ፣ ይወጣል" አለው። ክሰሰው ብንለው አባቴ በጄ አላለም። "አበልጅ አይካሰስም" ብሎ እስኪሞት ታገሠ።

እሑድ ዕለት ውሃዬን ጠጥቼ ስልኬን አነሳሁ። ዛሬ መዝገቡን ለማየት ቢሮ መሄድ አያስፈልግም። የአባቴን ስም ጽፌ የወጣውን ለአበልጄ አሳየሁት።

"ሥራ አስኪያጅ... ማናቸው?"

ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አመለከትኩት። ለቅሶው ላይም ይዘን ሙሾ ያወረድነው እሱኑ ነው፤ ሌላ ፎቶ አልነበረውም።

"አባትሽ? አርፈው የለም እንዴ?"

"አርፏል። የቀረው ስም ብቻ ነው።"

አበልጄ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን ከገበታው ሰበሰበ። ሽሮ ጨመርኩለት፤ አልነካውም። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። ልቤ ይፈራል፣ አልዋሽም፤ የልጄን የክርስትና አባት ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ግን በዚያ ኮት ውስጥ ሆኖ አባቴ ያያል፤ ቁጥሬን አልላክሁም።