ለአሥራት ያልተረጎምኩለት

ባለፈው ሰኞ አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጄ «አባዬ፣ ክራባትህን አውሰኝ፤ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ አስተዳዳሪ ሆኜ ጭውውት አለብኝ» ብላ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት፣ የናፍታሊኑ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና እኔም በእሷ ዕድሜ እዚሁ ቦንጋ፣ በተውሶ ክራባት አንገቴን ታንቄ የተቀመጥኩባት ወንበር ድቅን አለችብኝ።

የጂኦግራፊ መምህራችን ቲቸር አለሙ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ካርታ ከማስሸምደድ ይልቅ እኛኑ ካርታ ማድረግ የሚወድ ሰው ነበር። ጎጀብን ሆኖ ወለሉ ላይ የተጋደመው ልጅ፣ ስለ ቆሸሸው ዩኒፎርሙ እናቱ ስትገርፈው «ወንዝ ሆኜ ነው!» ማለቱ ስንት ጊዜ አሳቀን።

የዚያን ዕለቱ ጭውውት ስለ ደን ነበር። ባለሀብቱ ጫካውን መንጥሮ ሻይ ሊተክል ይጠይቃል፣ እኔ አስተዳዳሪው እወስናለሁ፣ የዴስክ ጓደኛዬ አሥራት ደግሞ ጫካው ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ ነው። አሥራት ከገጠር፣ ከደካ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ከቤቱ የመጣለትን ማር ሳያካፍለኝ የማይበላ ልጅ ነበር፤ ሰው ፊት ሲቆም ግን አማርኛው ይከዳዋል። ተራው ሲደርስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ በካፊኖኖ ተናገረ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሞቅ ብሎኝ ጠረጴዛውን ደበደብኩና «ቢሮ ውስጥ በአማርኛ ነው!» አልኩት።

ቲቸር አለሙ ሳቁን አስቁሞ «ምንድን ነው ያለው?» ሲል ጠየቀኝ።

ከእኔ በቀር ቃሉን ለይቶ የሰማ አልነበረም፤ ቋንቋው ደግሞ አፌን የፈታሁበት ነው። «አባቴ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ፣ ወድቆ የሞተው ከዚያ ዛፍ ላይ ነው፤ አትቁረጡት» ነበር ያለው። ጭውውት አልነበረም፤ የሆነውን ነው የነገረኝ። እኔ ግን ሳቁ እንዳይበርድብኝ ሳስቼ፣ «ጠፋብኝ ነው የሚለው፣ ቲቸር» አልኩ።

አሥራት አማርኛ መናገር እንጂ መስማት አያቅተውም። አየት አደረገኝና ተቀመጠ። ጫካው ለባለሀብቱ ተፈረደ፤ እኔም አሥር ከአሥር አገኘሁ።

በማግሥቱ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጠ። ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ እያልኩ መንፈቀ ዓመቱ አለቀ፤ አሥራት ሀገሩ ሄዶ በዚያው ቀረ።

አምና ለሥራ ደካ ስሄድ አጠያይቄ ቤቱን አገኘሁ። ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ታናሽ ወንድሙ ስሜን ሲሰማ ሁለት እጄን ያዘኝና «እርስዎ ነዎት እንዴ? ቦንጋ ሲማር ጓደኛው እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ እስኪሞት ድረስ በደግ ሲያነሳዎት ነው የኖረው» አለኝ።

ምነው ረግሞኝ በነበረ።