የትኬት ደጅ ጥናት

አዲስ አበባ ለሚደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ወደ አሰላ የተላከው ትኬት ለሹማምንትና ለአማቾቻቸው ተደልድሎ አልቋል። ከአማቾቹ አንዱን አውቀዋለሁ፤ ኳስና ዱባ አይለይም። ከጎበሳ የመጡት ሽማግሌ ግን ዛሬም ትኬቱን ካደለው ጽሕፈት ቤት በር አልጠፉም። ደጅ መጥናት ያውቁበታል፤ በመሬት ክርክር ደጅ ሲጠኑ ነው ያረጁት። ቡልኳቸውን አደግድገው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ መኪና በገባ ቁጥር እጅ ይነሳሉ። የመኪናው አቧራ ጺማቸው ላይ ይቀራል።

ጸሐፊው ብቅ አለ።

«አባባ፣ አልቋል አልኩዎት እኮ! በዚህ ዕድሜዎ ኳስ ምን ያደርግልዎታል?»

«ኳሱስ ይቅርብኝ፣ የኔ ጌታ። ብቻ ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዙሬ የምቆምበት ቦታ ስጡኝ። ልጄ ሸገር ከገባ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እሱ ደግሞ ኳስ ካለበት አይቀርም።»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ። የራሱንም ትኬት አለቃው ለሚስታቸው ወንድም ሰጥተውበታል።

«እንግዲህ በሬዲዮ ይከታተሉ፣ አባባ። ሁሉንም በየስሙ እየጠራ ያስተላልፋል።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጨበጡ።

«ሬዲዮ የሚጠራው የሚጫወተውን ነው፣ ልጄ። የሚያጨበጭበውን ማን ይጠራልኛል?»