ደብተሩ ላይ የተቀመጥኩበት እሁድ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ብዙ ነገር ይረሳኛል፤ የዚያን እሁድ ነገር ግን እስከ ወንበሩ ቀለም ድረስ አስታውሰዋለሁ። ልጄን ከሥራዋ ላይ ያስቆምኳት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የምኖረው ነፋስ ስልክ ሲሆን የሰፈራችን እድር የዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ሲወጣም ሲገባም በደብተር የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ልጄ ሩሐማ ደግሞ ኮምፒውተር ተምራ ጎፋ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ትሠራለች።

የክሊኒኩ ነገር ሁሉ፣ የታካሚው ካርድ፣ የላብራቶሪው ውጤት፣ የመድኃኒት ቤቱ ሳይቀር፣ ያለው ሰርቨር የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነው። ሩሐማ እንዳስረዳችኝ ሦስቱ ሰርቨሮች አንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ሦስት ቤቶች ናቸው። በውስጣቸው አካል የሌላቸው አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች እንደ ተከራይ ይኖራሉ። አንዱ ቤት ሲበላሽ ተከራዮቹ ወደ ሌሎቹ ሁለት ቤቶች ይገባሉ። ይህን ግቢ የሚያስተዳድረው ፕሮግራም አርጅቷል። የሠሩት ሰዎችም ከእንግዲህ አንጠግነውም ብለዋል። ስለዚህ ወደ አዲሱ መቀየር ነበረበት። አንዱን ቤት ባዶ አድርጎ ማደስ፣ ተከራዩን መመለስ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። ሲወራ ቀላል ነው።

ባልደረባዋ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝቶ ስለሄደ ብቻዋን ቀርታለች። አለቃዋ አቶ ደረጀ ግን ቀኑን ቆረጡ። ክሊኒኩ እሁድ ዝግ ስለሆነ እሁድ ተጀምሮ እሁድ ያልቃል፣ ሰኞ ጠዋት በሽተኛ ይስተናገዳል አሉ። ሩሐማ ሁለት ወር ሙሉ እቅድ ስትጽፍ ከረመች። ጉርሻዋን ይዛ በሐሳብ ስትጠፋ አያታለሁ። ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም። የሰው የደም ምርመራ ውጤት ጠፋ ቢባል ማንን ነው የሚይዙት? እሷን ነው። ይህን እያሰብኩ ነው የምውለው።

አንድ ቀን፣ "እማዬ፣ እሁድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ" አለችኝ።

"እኔ? ምን ልሠራ?"

"እቅዱን ታነቢልኛለሽ። አንድ መስመር ታነቢያለሽ፣ እኔ እሠራለሁ፣ 'ሆነ' ስልሽ ራይት ታደርጊያለሽ። ዕቃ ቤት እንደምታደርጊው። ብቻዬን ስሆን መስመር እዘላለሁ።"

እቅዱ በእንግሊዝኛ ነበር። ለእኔ ብላ በአማርኛ ደብተር ላይ ገለበጠችው። አርባ ሦስት ቁጥር ነበረው።

ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ያሉት ከእሁድ በፊት የሚያልቁ ናቸው። ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ራይት አደረገቻቸው። አየኋት። እስክሪብቶው ከላይ እስከ ታች ሳይቆም ወረደ። ቁጥር ዘጠኝ፣ "ባክአፑ ተከፍቶ እንደሚሠራ በዓይን ታይቷል" ይላል። ባክአፕ ማለት የተቀመጠ ግልባጭ ነው። ዋናው ቢበላሽ ከእሱ ይመለሳል።

እንደዚያ የሚወርድ እስክሪብቶ አውቃለሁ።

ባለቤቴ ታሞ በነበረበት ሳምንት ከሌላ ለቅሶ የተመለሰ ድንኳን ተረከብኩ። ብረቶቹ በማዳበሪያ ተጠቅልለው ታስረዋል። ደክሞኝ ነበር። ሳልፈታ፣ ሳልቆጥር፣ ሙሉ ነው ብዬ ራይት አደረግኩ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ሞተ። ድንኳኑ ሲተከል ስድስት ብረት ጎደለ። ሐምሌ ነበር። ግማሹ ተተከለ፣ ግማሹ ሳይወጠር ቀረ። ሊያስተዛዝነን የመጣው ሰው ዝናብ ላይ ተቀመጠ። ሩሐማ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የተቀመጠችው ዝናቡ በሚወርድበት በኩል ነው። ማንም አልወቀሰኝም። ከዚያ ወዲህ ግን በእጄ ያልነካሁትን ነገር ራይት አላደርግም። ለቅሶም ከዚያ ወዲህ እምብዛም አይመጣልኝም።

ቅዳሜ ልነግራት አስቤ ተውኩት። በማላውቀው ሥራ ምን ብዬ ልግባ?

እሁድ ቸርች ቀርተን በጠዋት ታክሲ ይዘን ጎፋ ሄድን። በር ላይ ያለው ጥበቃ ጋቢዬን አይቶ ሳቀ።

"ማዘር፣ እርስዎም ተቀጠሩ እንዴ?"

"ለዛሬ ብቻ" አልኩት።

ሰርቨሮቹ ያሉበት ክፍል እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ ግን ይበርዳል። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ሆን ተብሎ ነው። ሩሐማ ቀይ የፕላስቲክ ወንበር አመጣችልኝ። ደብተሩን ከፈትኩ።

"ከአሥራ ሁለት ጀምሪ" አለች።

"ዘጠኝን ነክተሽዋል?"

"ምኑን?"

"ቁጥር ዘጠኝን። ባክአፑን ከፍተሽ አይተሻል?"

"በየቀኑ አረንጓዴ ያሳያል እኮ እማዬ። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው ማለት ነው።"

"ከፍተሽ አይተሻል ወይ ነው ያልኩሽ።"

ሰዓቷን አየች። "ሁሉንም ልክፈት ብል ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ዛሬ ማለቅ አለበት። አንብቢ በቃ!"

ደብተሩን ዘጋሁት። የት እንደማደርገው ስለጨነቀኝ ወንበሩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩበት።

"እማዬ! ትቀልጃለሽ?"

"አልቀልድም።"

"ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቂያለሽ አንቺ?"

"ምንም።"

"ታዲያ!"

ስልኳ ጠራ። አቶ ደረጀ ነበሩ። "ጀመርሽ?" ሲሉ እኔ ድረስ ይሰማል። ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል፣ "እየጀመርኩ ነው" አለች። ስልኩን ዘግታ ደብተሩን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ሳምንቱን ሙሉ ስጨነቅ ከርሜ፣ የምፈራው ሰዓት ሲደርስ ከብርዱ በስተቀር የሚሰማኝ ነገር አልነበረም።

"ሩሔ" አልኳት፤ "ድንኳኑ።"

ሌላ አልጨመርኩም። ስለዚያ ድንኳን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች።

ሥራ ላይ ያለውን ሳትነካ ግልባጮቹን ለብቻቸው አንድ በአንድ መክፈት ጀመረች። የመድኃኒት ቤቱ ተነሣ፤ ማለትም ተከፍቶ ሠራ። የታካሚ ካርዱ ተነሣ። የቀጠሮው ተነሣ። አንዱ በተነሣ ቁጥር፣ "ሆነ! ይኸው ሆነ!" ትለኛለች እንደ መሳደብ። እኔ ከደብተሩ ላይ አልተነሣሁም።

ሰባተኛው የላብራቶሪው ነበር። እሱም ተነሣ። "ሆነ" ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ወደ ታች ወረደች፣ ወደ ላይ ወጣች፣ እንደገና ወረደች። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ከፋሲካ ወዲህ ያለ አንድም ውጤት የለም።"

"ጠፋ?"

"አልጠፋም። ዋናው ላይ አለ። ግልባጭ ነው የሌለው።"

ከፋሲካ በኋላ የላብራቶሪው ውጤት የሚቀመጥበት ቦታ ሞልቶ አዲስ ተጨምሮለት ኖሯል። ባክአፕ ለሚያደርገው ፕሮግራም ግን ስለ አዲሱ ቦታ የነገረው የለም። እሱ በየቀኑ አሮጌውን ብቻ እየገለበጠ አረንጓዴ ያሳያል። ወደ አዲሱ ፕሮግራም ሲቀየር አንድ ነገር ቢበላሽ ኖሮ የአምስት ወር የሰው ውጤት ከየትም አይመለስም ነበር።

ስልኩን አንሥታ አቶ ደረጀ ጋ ደወለች። ዛሬ አይሠራም አለቻቸው። ሲጮኹ ሰማሁ። ለቆ የሄደው ባልደረባዬ ጥፋት ነው ብትል ማን ያውቅባታል? እኔም እንደዚያ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

"አይደለም፣ አቶ ደረጀ። ሳላየው 'ታይቷል' ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለች።

ሰኞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጧት። ቦርሳዋ ውስጥ አጥፋ ይዛው መጣች፣ እኔን ግን አላስነበበችኝም። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ከ"ጨው አቀብዪኝ" በቀር አላናገረችኝም። ደብዳቤውን ያስጻፍኩባት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ልክ ነኝ ብዬም አሰብኩ። ሁለቱም እኩል ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው አልከበደኝም።

ባክአፑ ተስተካክሎ ሌላ ቀን የተቆረጠው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ እሁድ አትጠራኝም ብዬ ለቸርች ለብሼ ስወጣ፣ ጋቢዬን አጣጥፋ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት።

"ያው ብርድ ነው" አለች። አዲስ ደብተር ሰጠችኝ። ገልጬ አየሁት። ከእቅዱ ጽሑፍ በቀር እስክሪብቶ አልነካውም፤ አንድም ራይት የለበትም።

"ማዘር፣ ለዛሬ ብቻ ብለው አልነበረም እንዴ?" አለኝ ክሊኒኩ ስንደርስ ጥበቃው።

ከቁጥር አንድ ጀመርን። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሠራለች፣ "ሆነ" ትላለች፣ አሳዪኝ እላለሁ፣ ታሳየኛለች። የማየውን አላውቀውም፤ ብቻ አያለሁ። አመሻሹ ላይ አርባ ሦስትን ራይት አደረግኩ። ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ እንደወትሮው ሠራ። ምን እንደተደረገ ያወቀ አንድም በሽተኛ ያለ አይመስለኝም።

ቸርች ውስጥ የሰሙ እህቶች ወጥተሽ መስክሪ ይሉኛል። ምን ብዬ እመሰክራለሁ? የጠፋ ነገር የለም። ደስ ሊልሽ ይገባል ይሉኛል። ይገባል። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ያኔም አሁንም ብዙ አይሰማኝም።

ዕቃ ቤት ስገባ ማዳበሪያውን እፈታና የድንኳኑን ብረቶች አንድ በአንድ እነካለሁ። ሃያ አራት ናቸው። ብረቱ ይቀዘቅዛል። እሱ ይሰማኛል።