ለትርንጎ ሞተር የመረጥንበት ሰሞን

ሥራ የገባሁ ቀን መፍቻ አልሰጡኝም። የጋራዡ ባለቤት ሐጅ ሰይድ ቡሩሽና በጣሳ የተቀዳ ናፍጣ አስጨብጠውኝ «እጠብ» አሉኝ። ጋራዡ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም የማይርቅ ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የናፍጣውን ሽታ ፊቴ ላይ ይመልሰዋል። ጭቃ የለበሰ የሞተር ሳይክል ሻንሲ ሳጥብ ከመቀመጫው ሥር ተሰንጥቆ የተበየደ ቦታ አየሁ። ስጮህ ሐጅ እየሮጡ መጡ። የሞተሩ ባለቤት «ተጋጭቶ አያውቅም» ተብሎ ነበር የገዛው። ሐጅ ትከሻዬን መታ አድርገው «ይኼ ልጅ ዓይን አለው!» አሉ። ቀኑን ሙሉ ስፈነድቅ ዋልሁ።

ከአጣቢነት ረዳት፣ ከረዳትነት መካኒክ፣ በመጨረሻም ዋና መካኒክ ሆንሁ። ከሥራው ሁሉ የምወደው ግን ሞተር ሊገዙ የሚሄዱ ሰዎች «ይበልጣል፣ አብረኸን ና» ሲሉኝ ነበር። ሰው አጠራቅሞ አጠራቅሞ ሞተር ሲመርጥ ፊቱ የሙሽራ ፊት ነው።

ያገለገለ ሞተር ሳይ መጀመሪያ እጄን አሳርፍበታለሁ። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል፤ ምናልባት በብርዱ አልነሣ የሚል ነው። እስኪበርድ እጠብቃለሁ። ሲነሣ ጭሱን አያለሁ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል። ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ሰንሰለቱን እሞክራለሁ። የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያያለሁ። ይህን ሁሉ ካለፈ «ግዙት» እላለሁ።

በኋላ ሐጅ ከጋራዡ ጎን አዲስ ሞተር መሸጥ ጀመሩ።

«ያገለገለውን ግዙ ስላቸው አይከፋዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እውነቱን ንገራቸው። ያገለገለውም ሲበላሽ የሚመጣው ወደ እኛው ነው» ብለው ሳቁ።

ትርንጎ ከአባቷ ጋር የመጣችው ክረምቱ ሲገባ ነው። አጠር ያለች፣ ፈጣን ልጅ ናት፤ በመሸንቲ ገጠር የተመደበች የእንስሳት ሐኪም። አባቷ አያ ማንደፍሮ የይፋግ ገበሬ ናቸው። የዓመቱን ሩዝ ሸጠው ነው ሞተር ሊገዙላት የመጡት፤ ከተሳሳቱ ሌላ ዕድል የለም።

ገንዘቡ ለሁለት ነገር ይበቃል፤ ለሐጅ ሱቅ አዲስ ግን ቀላል ሞተር፣ ወይም አቶ ደረጀ የሚባል የፋብሪካ ኤሌክትሪሽያን ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ስለሆነ ለሚሸጠው ከፍ ያለ፣ ጉልበተኛ፣ ያገለገለ ሞተር።

«ልጄን የሰው አሮጌ ላይ አላስቀምጣትም!» አሉ አያ ማንደፍሮ።

«አባቴ፣ የኔ መንገድ ጭቃ ነው» አለች ትርንጎ። «ጉልበት እፈልጋለሁ።»

ያገለገለውን ፈተሽሁት። በብርዱ በአንድ ምት ተነሣ። ሰንሰለቱና የኋላ ጎማው ካለቁ በቀር እንከን አላገኘሁበትም። እኔም ወደ ትርንጎ አደላሁ። አቶ ደረጀ «እስከ መሸንቲ ነድታችሁ ሞክሩት» አለን። እሷ ያዘች፣ እኔ ከኋላ ተፈናጠጥሁ፤ አባቷና አቶ ደረጀ በታክሲ ተከተሉን።

መሸንቲ እንደደረስን ስልኳ ጮኸ። አንድ ገበሬ ነው፤ ላሙ ምጥ ጠንቶባታል፣ ጥጃው በኋላ እግሩ መጥቷል። ትርንጎ አቶ ደረጀን አየችው።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ እንጂ!» አላት።

ቦርሳዋን አንግታ ከአስፋልቱ ወደ ጭቃው ገባን። ሞተሩ ዳገቱን እንደ ፈረስ ወጣው! እኔ ጎልማሳው ሰውዬ ከኋላ ሆኜ «በያት! በያት!» እላለሁ። ከዳገቱ ማዶ አንድ ቦይ አፋፍ ላይ ልታቆመው ስትል እግሯ መሬት አልደረሰም። ሞተሩ ዘመም አለ፤ ሦስታችንም፣ እሷም እኔም ሞተሩም፣ ጭቃው ላይ ተዘረጋን። ማንም አልተጎዳም። ላነሣው ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ይተዉት ጋሼ። ብቻዬን ስሆን ማን ያነሣልኛል?»

ከሥሩ ገብታ ገፋች። እንደገና ገፋች። የአንገቷ ሥር ተገታተረ፤ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ ቁመቱንም ክብደቱንም ከሷ ጋር ለክቼ አላየሁም ነበር። ሁለት ሆነን አነሣነውና በረርን።

ስንደርስ ላሚቱ ተኝታ ታቃስታለች። ትርንጎ እጇን እስከ ክንዷ ታጥባ ወደ ላሚቱ ማህፀን አስገባች። «ሳቡ! አሁን ሳቡ!» ስትል ገበሬውና እኔ የጥጃውን እግር ይዘን ሳብን። ጥጃው ዱብ አለ። አይተነፍስም። አፍንጫውን ጠራርጋ፣ ጎኑን በገለባ አሸችው፤ አነጠሰ። የገበሬው ሚስት እልልታዋን ለቀቀችው፤ እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መሸንቲ ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። አያ ማንደፍሮ ጭቃ የለበሰውን ሞተር እየደባበሱ «በሉ ይኼን ፈረስ ግዙልኝ! አዲሱ ይቅር!» አሉ።

«አይሆንም አባቴ» አለች ትርንጎ።

«ምን? አንቺ አይደለሽም እንዴ አሮጌውን ያልሽ?»

«ወድጄው ነበር። ሲወድቅ ግን ብቻዬን ማንሣት አቃተኝ።»

በማግስቱ ሐጅ ሱቅ ገባንና ትርንጎ የሚያብረቀርቀውን አዲስ ሞተር በጎኑ አስተኙልኝ አለች። ሻጩ «ቀለሙ!» ብሎ ጮኸ። ሐጅ ከወንበራቸው ተነሡ፤ በሳቅ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። «ካርቶን አንጥፉ! ትሞክረው!» አሉ። ሞተሩ ካርቶኑ ላይ ተጋደመ። መንገደኛው ሁሉ በር ላይ ተሰበሰበ። ትርንጎ ጀርባዋን አስደግፋ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ገፋ አደረገችው። ቀጥ ብሎ ቆመ! በሩ ላይ ጭብጨባ ሆነ። አያ ማንደፍሮ ገንዘቡን ከቆለፉበት ቦርሳ ሊያወጡ ሲቸኩሉ ቁልፉ ጠፋብኝ ብለው ኪሳቸውን ሁሉ አገላበጡ፤ እጃቸው ላይ ነበር።

ከአስፋልት ጎማው ይልቅ ጥርሱ ጎላ ያለ የጭቃ ጎማ ገጠምሁላት። ሞተሩ ዳገት ላይ ጉልበት ያንሰዋል፤ እዚያ ወርዳ እየገፋች ትወጣለች። የአቶ ደረጀን ሞተር ደግሞ አንድ ቁመተ ረጅም የዱርቤቴ ነጋዴ ገዛው። ሁለቱም እስካሁን ለዘይት ቅያሬ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ደስተኞች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። አዲስ ይሁን ያገለገለ ከማለታችሁ በፊት አስተኝታችሁ ብቻችሁን አንሡት። ካልተነሣላችሁ ሌላ ፈልጉ።