ቢፌ ውስጥ የቆመው ነጭ ወይን

የልጄ እጮኛ ፈረንሳዊ ነው። አዲስ አበባ ለሥራ መጥቶ ተዋወቁ። ሃይማኖታችንን ሁለት ዓመት ያህል ተምሮ አምና በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። እኔ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እናቱ ምን እንደተሰማቸው ግን አልጠየቅኩም። ስለ እሳቸው ማሰብ የጀመርኩት በጥቅምት መጨረሻ ሊያዩን ጉለሌ ድረስ ሲመጡ ነው።

ስንጨባበጥ እጃቸው ሻካራ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ኮረብታ ላይ ያለውን የቤተሰቡን የወይን እርሻ ከትልቁ ልጃቸው ጋር ሆነው የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። ያመጡልን አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን ነው። በሹራብ ጠቅልለውት ነበር፤ ከሻንጣው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ልጄ ተረጎመችልኝ፦ ባለቤታቸው በመጨረሻ ዓመታቸው የጨመቁት ነው፤ ኦክ ከሚባል ዛፍ በተሠራ በርሜል ውስጥ ከዓመት በላይ ቆይቷል፤ ከዚያ ዓመት የቀረው ጥቂት ጠርሙስ ብቻ ነው።

ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩና ቢፌው ውስጥ አቆምኩት። በእኛ ቤት የተከበረ ነገር ቦታው እዚያ ነው። ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ የተሰጠው ውስኪ እስከ ዛሬ ሳይከፈት አለ። ልጄ ስትመረቅ የመጣውም እንደዚሁ። እንግዳ ያየዋል፤ የሰጠውም ሰው ይታወሳል። የእሳቸውን ግን ከሁሉም ፊት አደረግኩት፤ በመስኮቱ በኩል የሚገባው ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅ ይመስላል።

ጊዜው ደግሞ የጽጌ ጾም ነበር። የፈቃድ ጾም ስለሆነ የማይጾመው ሰው ብዙ ነው፤ ባለቤቴም አይጾመውም። እኔ ይህችን ልጅ ከወለድኩ ጀምሮ አንድም ዓመት አላጓደልኩም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ፤ መጠጥ የሚባል አልቀምስም።

እንግዳችን ሳሎን ሲቀመጡ ሁልጊዜ ፊታቸው ወደ ቢፌው ነው።

ባለቤቴ፣ «ቢፌያችንን ወደውታል መሰለኝ» አለኝ።

«ጠቅልለህ ስጣቸዋ» አልኩት።

በሳምንቱ ነጠላ አልብሰን ቁስቋም ወሰድናቸው። ዳገቱን ከእኔ ቀድመው ወጡት። ስንመለስ ከቅጥሩ ውጭ ቆሙና ቁልቁለቱን አዩ፤ አፈር ቆንጥረው በጣታቸው አሹት። ለልጃቸው አንድ ነገር ሲነግሩት ሳቀ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ኃጢአት ነው አለች።»

እኔም ሳቅኩ። ደስ ብሏቸዋል ብዬ ነበር። ቤት ስንገባ ልጄ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«እማዬ፣ ወይኑን ለምን አልከፈትሽውም?»

«ምን ያስቸኩላል? ተቀምጧል።»

«እናቱ ትናንት አልቅሰዋል።»

«በስመ አብ! ምን አደረግናቸው?»

«‹ልጄን ወሰዱት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸውም ገባ፤ ደስ ይበላቸው። የአባቱን ወይን ግን ለመቅመስ እንኳ ተጸየፉት› ብለውታል።»

«እኔ ተጸየፍኩት? ከሁሉም ፊት ያቆምኩትን?»

«እማዬ፣ እነሱ አገር ወይን አብረው ይጠጡታል እንጂ እንደ ሥዕል አያቆሙትም። ደግሞ ፀሐይ ያበላሸዋል። ሲበላሽ እያዩት ነው የሚቀመጡት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ ብትሆኚ ትናገሪ ነበር?»

አልናገርም ነበር።

የቁስቋም በዓል ኅዳር ስድስት ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ያን ዕለት ነው። እሳቸው የሚሄዱት በዋዜማው ነው። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። እናት ናቸው። ከልጃቸው ወገን አንድ ነገር እንኳ በእኛ ቤት ቦታ አላገኘም ብለው ሊሄዱ ነው።

ጠዋት ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ የአዋጅ ጾም ቢሆን እሺ አልልሽም ነበር» አሉኝ። «ይህ ግን በፈቃድሽ የያዝሽው ነው። ሴትዮዋን አሳዝነሽ የጾምሽውን ለማን ልታቀርቢው ነው?»

መስቀል አሳልመውኝ ስነሳ ደግሞ፣ «ብዙ እንዳትጠጪ» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ጠርሙሱን ከቢፌው አውጥቼ ለእሳቸው መልሼ ሰጠኋቸው። «እርስዎ ይክፈቱልን» አልኩ። መክፈቻው ከመጡ ጀምሮ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። ከፈቱት፣ አሸተቱት። ሁላችንም ፊታቸውን አየን። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ፀሐዩ አልጎዳውም።

ልጃቸው ስለ ጾሜ ነግሯቸው ኖሯል። ሊቀዱልኝ ሲሉ ተዉትና መዳፋቸውን ብርጭቆዬ ላይ ከደኑ። «መጾምዎን አላወቅኩም ነበር። ማወቄ ይበቃኛል፤ እርስዎ ይተዉት» አሉ።

እጃቸውን ቀስ ብዬ አነሳሁና ብርጭቆውን አቀረብኩላቸው። ቀዱልኝ።

እኔ የማውቀው ወይን ቀይና ጣፋጭ ነው። ይህ አይጣፍጥም። መጀመሪያ እንደ ጥሬ ፖም ምላስ ይይዛል፤ ቀጥሎ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ግን አዲስ የተላገ ጣውላ ነው።

«እንዴት ነው?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

መዋሸት አልችልበትም። «እንጨት እንጨት ይላል» አልኩ።

«እማዬ! ይህንንማ አልተረጉምም» አለች ልጄ።

እጮኛዋ ራሱ ተረጎመው። እናቱ ጠረጴዛውን መቱትና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከባለቤታቸው ጋር ሠላሳ ዓመት የተጨቃጨቁት በዚሁ ነው። እሳቸው፣ «በርሜል ውስጥ አታቆየው፣ እንጨቱ በዛ» ይላሉ፤ ባልየው አይሰሙም።

«ምነው በሕይወት እያለ በመጡልኝ!» አሉኝ።

ባለቤቴ፣ «ለእኔ እንጨቱ አልበዛም» ብሎ ጠርሙሱን ወደ ራሱ አስጠጋ።

እኔ ከዚያ ብርጭቆ ሌላ አልጨመርኩም። የባለቤታቸውን ስም ጠየቅኳቸው። ሦስት ጊዜ ነገሩኝ፤ ሦስት ጊዜ አበላሸሁት። እሳቸው ጠረጴዛውን በእጃቸው እየመቱ እንደ ፊደል አስቆጠሩኝ።

በዋዜማው ኤርፖርት ሸኘናቸው። በማግስቱ ቁስቋም ቆሜ የአባቴንና የእናቴን ነፍስ ሳስብ፣ ከእነሱ ቀጥዬ ያን ስም ጠራሁ። አሁንም በትክክል አልጠራሁት ይሆናል። የፈጠራቸው ግን ማንን እንዳልኩ ያውቃል።