ሐርጌሳ ያለው ቤት የማን ነው?

ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ጅጅጋ ውስጥ ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ስሸጥ ስለኖርኩ የትም ብገባ ዓይኔ ወደ መሬት ይሄዳል። ይሄኛው ባዶ ሲሚንቶ ነበር። ጥጉ ላይ ባልዲ አለ፤ ከባልዲው የቻሉትን ያህል ርቀው ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። በሩ አጠገብ የነበሩ አንድ የግመል ነጋዴ ሽማግሌ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝና በምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ቤት ገዝቼ ነው አልኳቸው።

"እኔን ግመሎቼ ድንበር ሲሻገሩ ነው የያዙኝ" አሉ ሳቅ እያሉ። "ያንተ ቤት ግን ካለበት አልተነቃነቀም።"

ነገሩ የጀመረው በነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ነው። ተነስቼ፣ ሱቃቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ጉዳይ ለምን ተድበሰበሰ ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ የጸጥታ ሰዎች ስለ እኔ ሲያጠያይቁ፣ ሐርጌሳ ቤት አለው የሚል ወሬ ደረሳቸው። ለእነሱ ቤቱ የተቃዋሚዎች መሰብሰቢያ ነው። ለእኔ ግን የእንቅልፍ ኪኒን ነበር። ሱቆቹ ከነደዱበት ክረምት ጀምሮ እኔም ባለቤቴም ደህና እንቅልፍ ተኝተን አናውቅም። ኮሮና የዘጋው ድንበር ሲከፈት ማዶ ሄጄ ሁለት ክፍል ቤት ገዛሁ።

ገዛሁ ልበል እንጂ በስሜ አይደለም። እዚያ የውጭ ሰው በስሙ መሬት አይገዛም፤ ስሙን የሚያውስህ የአገሩ ሰው ያስፈልግሃል። እኔ ያገኘሁት የሟች ሸሪኬን ሚስት ነው፤ የሐርጌሳ ሰው ናት። ኤዶ እላታለሁ፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። የግዢው ቀን ሻጩ፣ ሽማግሌዎቹና በአራቱም አቅጣጫ ያሉት ጎረቤቶች ቆመው ቤቱ የእሷ መሆኑን መሰከሩ። እኔ እንደ ሾፌር ከኋላ ቆሜ ነበር። ብትክደኝ የምከስበት ፍርድ ቤት የለኝም። ይህ ሲያስጨንቀኝ ነው የኖርኩት፤ አልዋሽም።

እስር ቤት ውስጥ ጭንቀቴ ተገለበጠ። ኤዶ በየሐሙሱ ልብስ ጭና በድንበሩ ከተማ በውጫሌ በኩል ጅጅጋ ትገባለች። እኔ የተያዝኩት ማክሰኞ ነው፤ መያዜንም አታውቅም። ስሟ ከአፌ ካመለጠ ኬላ ላይ ጠብቀው ይወስዷታል፣ እሷ ደግሞ ስኳር ያለባት ሴት ናት። ሽማግሌውን በእንቅልፌ ካወራሁ ይቀስቅሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። ምን እንዳታወራ ነው ብለው አልጠየቁኝም።

ረቡዕ ጠዋት ጠሩኝ። መርማሪዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። ቤቱ የማን ነው? በማን ስም ነው? እነማን ይሰበሰቡበታል? ወፍራሙ በጠየቀ ቁጥር ጠረጴዛውን ይመታል፤ አንዳንዴ ጠረጴዛውን ይስታል። እኔ ወለሉን እያየሁ ቤቱ የእኔ አይደለም እላለሁ። ከቀትር በኋላ ጫት የሚገባበት ሰዓት ደረሰና ወፍራሙ ወጣ። ቀጭኑ ከመሀል አገር የተመደበ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

"እዚያ ሰላም ነው?" አለኝ። "ማለቴ፣ ለኑሮ።"

ወጥመድ መሰለኝ። እሱ ግን ቀጠለ። ከእሱ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰው አሁን ከእኛ ክፍል አለፍ ብሎ መታሰሩን ነገረኝ። አለቃ ሲወርድ ማን አብሮ እንደሚወርድ አይታወቅም አለ። ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ይህን ሲል እጁ እስክሪብቶውን እየከፈተ ይዘጋ ነበር። ያን ጊዜ እውነቱን መሆኑን አወቅሁ፤ ይበልጥ ፈራሁ። የሚፈራ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

"ስሙን ካዋሰህ ሰው ጋር አገናኘኝ" አለ። "ፋይልህን እኔ እዘጋዋለሁ። ዛሬ ቤትህ ታድራለህ።"

ቤቴ ማደር አማረኝ። በጣም አማረኝ። ልጆቼ ታዩኝ። ስሟም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"እዚያ የሚሸጥ ቤት ማግኘት ብቻ አይበቃዎትም" አልኩት። "ተይዞ ስምዎን የማይናገር ሰው ያስፈልግዎታል። እኔ አሁን ያንን ሰው ከሰጠሁዎት፣ ነገ የእርስዎንም ስም እንደማልሰጥ በምን ያምናሉ? እንዲህ ያለ የራስዎን ሰው ይፈልጉ።"

እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

"የለኝም" አለ።

ጓደኛው ሲመለስ ቀጭኑ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ነበር። "እምቢ ብሏል" አለው፣ ፊቱን ሳያዞር። ወደ ክፍሌ መለሱኝ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በሩ በተከፈተ ቁጥር ከኮሪደሩ የሴት ድምፅ ስጠብቅ ዋልኩ፤ አልመጣም። ሽማግሌው የራሳቸውን ዳቦ ሰጡኝና እኔም መብላት አቅቶኝ መለስኩላቸው። ከወራት በኋላ ለምን እንደታሰርኩ በቅጡ ሳይነግሩኝ፣ ለምን እንደሚፈቱኝም ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ።

ኤዶ ሱቅ ድረስ መጣች። ገና ሳትቀመጥ አለቀሰች። ያን ሐሙስ ኬላው ላይ ከውጫሌ የሚገባውን ነጋዴ ሁሉ እያስቆሙ ስለ እኔ ሲጠይቁ ነበር። ተራዋ ሲደርስ እሷንም ጠየቋት።

"አላውቀውም አልኩ" አለችኝ። "ሐርጌሳ ቤት አለሽ ወይ ሲሉኝ፣ ወላሂ የራሴ ነው፣ ማንም የለበትም አልኩ።"

ስፈራው የኖርኩት ክህደት ይኸው ነበር፤ እኔንም እሷንም ያተረፈን እሱ ነው። እሷን ግን መሃላው በልቷታል። ዕድሜዋን ሙሉ ስትነግድ በፈጣሪ ስም ምላ ዋሽታ አታውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ ስትሰግድ እንደሚከብዳት ነገረችኝ።

"አልዋሸሽም ኤዶ" አልኳት። "ቤቱ ያንቺ ነው።"

ሊያባብለኝ ነው ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ አብሬያት ሐርጌሳ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹንና ጎረቤቶቹን ሰብስቤ፣ አሁን ከኋላ ሳይሆን ፊት ቆሜ፣ በዚህ ቤት ላይ ምንም የለኝም አልኩ። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። ለእነሱ ቤቱ ዱሮም የእሷ ነበር።

ዛሬ ቤቱ ውስጥ ያገባች ልጇ ትኖራለች። የእኛም ፍርሃት ጨርሶ አልለቀቀንም፤ ከተማው ጭር ባለ ቁጥር ይነሳብናል። ባለቤቴ አንዳንዴ፣ አንድ ነገር ቢመጣ የት እንገባለን ትለኛለች።

ኤዶ ቤት፣ እላታለሁ።